ከፋብሪካ ስቶር ወደ ሳይንስ ኮሌጅ አስተዳደር፦ ከየት ልጀምር?

የሳቢያን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ለዓመታት በአንድ ፋብሪካ የስቶርና የሥርጭት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ ለአስተዳደርና ሥራ ማስኬጃ ኃላፊነት ተወዳድሬ አለፍኩ፤ ሐምሌ 1 እገባለሁ። የሥራ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ግዥ መከታተል፣ ንብረት፣ በጀት፣ የላብ ቴክኒሻኖችና የጽዳት ሠራተኞች ስምሪት፣ ጥገና፣ መኪና፣ የመስክ ጉዞ፣ የፈተና ሰሞን ወረቀትና ቀለም ሳይቀር።

ስቶር አያስፈራኝም። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ)፣ 20 (መጠየቂያ)፣ 22 (ወጪ)፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት)፣ ዓመታዊ ቆጠራ፣ ይሄ ሁሉ የኖርኩበት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ከቆመ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ይደርሳል። ኮሌጅ ውስጥ ግን አንድ ላቦራቶሪ ሴሚስተር ሙሉ ቢዘጋ ማን ይጮኻል? ታናሽ እህቴ ባዮሎጂ ተምራ ስትመረቅ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ሆነው ተራ እየጠበቁ ነበር የሚያዩት፤ ተራዋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያለቀባት ቀን ብዙ ነው። ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣም፤ ለዚህ ሥራ ያመለከትኩትም በዚያው ምክንያት ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ከየት ልጀምር? ሳይንስ ያልተማረ ሰው ነኝ፤ መምህራኑ ይሰሙኛል? የኬሚካል ስቶርስ ከሌላው ስቶር በምን ይለያል? በሥራው ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።


ፊዚክስ መምህር

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ስለ መምህራኑ አትስጋ። እኛ የምንፈልገው ለጻፍነው ደብዳቤ መልስ የሚሰጠን ሰው ነው። «አይቻልም» እንኳ ቢሆን በጊዜው ከተነገረን ሌላ ሙከራ እናዘጋጃለን፤ የሚገድለን ዝምታው ነው።

አንድ ነገር ከፊዚክስ በኩል፦ ሁሉም ሰው የሳይንስ ኮሌጅ ሲባል ኬሚካል ነው የሚታየው። የእኛ ዕቃ አያልቅም፣ ይሰበራል እንጂ። «ብልሽት» ተብለው ጥግ ላይ የተደረደሩትን የፓወር ሰፕላይና የመልቲሜትር ሳጥኖች መጀመሪያ በአንድ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አስፈትሻቸው። ፊውዝ ተቃጥሎበት፣ ሽቦ ተበጥሶበት ብቻ ዓመታት የተቀመጠ ዕቃ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳይፈተሽ አዲስ ግዥ አትፍቀድ፤ ሳይፈተሽም ለማስወገጃ ኮሚቴ አትስጥ።


ላብ ድሬ

ወንድሜ፣ እህትህ ነኝ። በላብ ቴክኒሻንነት ጀምሬ አሁን አንተ የምትገባበትን ዓይነት ወንበር ይዣለሁ፣ እዚሁ ምሥራቅ። ስለ ታናሽ እህትህ የጻፍከውን ሳነብ ብዙ ነገር መጣብኝና ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ከቢሮ አትጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ከቴክኒሻኖቹ ጋር ላብ ለላብ ዙር። እያንዳንዳቸውን አንድ ነገር ጠይቅ፦ «ባለፈው ዓመት መመሪያው ላይ እያለ ያልተሠራው ሙከራ የትኛው ነው? ምን ጎድሎ?» ይህን መልስ ሪፖርት ላይ አታገኘውም። ሪፖርቱ «የተግባር ትምህርት በዕቅዱ መሠረት ተሰጥቷል» ነው የሚለው። ቴክኒሻኑ ግን ያውቃል። የትኛው ቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ) እንደሚያፈስ፣ የትኛው ሙከራ በሰሌዳ ላይ ተስሎ እንደታለፈ፣ የትኛው መምህር ከኪሱ አውጥቶ ኮምጣጤ እንደገዛ ያውቃል። ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።

ከዚያ የሚቀጥለው የኔ ዋና ምክር ነው፤ ጠርሙስ አትቁጠር፣ ሙከራ ቁጠር። በየዓመቱ ከትምህርት ክፍሎች የሚመጣልህ የግዥ ፍላጎት በአብዛኛው ያለፈው ዓመት ዝርዝር ቀኑ ተቀይሮ ነው። አሥር ጠርሙስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አንድ ጠርሙስ ሲልቨር ናይትሬት ይልሃል። ለምን አሥር፣ ለምን አንድ ብትል የሚመልስልህ የለም። አንተ ሳይንስ አልተማርኩም ብለህ አትሸማቀቅ፤ ስሌቱ የስቶር ሰው ስሌት ነው። እስኪ እይ፦ አንድ የቲትሬሽን ሙከራ አለ እንበል፣ አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ መጠኑን የሚለኩበት። አንድ ቡድን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲሠራ፣ ማጠቢያውና የሚደፋው ተጨምሮ 150 ሚሊ ሊትር ያህል 0.1 ሞላር (ሞላር የኬሚካል ሰው የጥንካሬ መለኪያ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጃል። 40 ቡድን ካለህ 6 ሊትር ነው። ለ1 ሊትር የሚያስፈልገው 4 ግራም ስለሆነ ጠቅላላው 24 ግራም። አንድ የ500 ግራም ጠርሙስ ለዓመታት ይበቃል ማለት ነው። አሥር ጠርሙስ ብትገዛ ቀሪው አንዴ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተጋግሮ ይበላሻል።

አሁን ሲልቨር ናይትሬትን በዚያው ስሌት አስላው። ለ1 ሊትር 0.1 ሞላር 17 ግራም ይፈልጋል። «አንድ ጠርሙስ» ተብሎ የተጠየቀው 25 ግራም ከሆነ አንድ ሊትር ተኩልም አይሞላም፤ በ150 ሚሊ ሊትር ሂሳብ ለ10 ቡድን እንኳ አይዳረስም። ዋጋው ደግሞ ውድ ነው። እንግዲህ ግምጃ ቤቱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተሞልቶ፣ በሲልቨር ናይትሬት የሚሠራው የክሎራይድ ሙከራ ግን ከአራት ቡድን ሦስቱ ሳይሠሩት ይቀራል። በቆጠራ ወቅት ስቶሩ ሙሉ ነው። ተማሪው ግን ባዶ እጁን ወጣ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ገጽ አሠራ፤ ሙከራው፣ የሚፈልገው ዕቃ፣ ለአንድ ቡድን ስንት፣ ቡድኑ ስንት፣ በየትኛው ሳምንት። መምህሩና ቴክኒሻኑ አብረው ይሙሉት። ያንን ይዘህ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ፊት ስትቀርብ «ሳይንስ ያልተማረ» የሚልህ አይኖርም። መምህራን ስሌት ያከብራሉ።

ቀጥሎ ዝርዝር መግለጫው፣ ስፔሲፊኬሽን የምንለው። በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው የሚያሸንፈው፤ ወረቀቱ ላይ ያልጻፍከውን ነገር ማንም አያመጣልህም። «ኢታኖል» ብለህ ብቻ ከጻፍክ ለመጠጥ እንዳይሆን ሌላ ነገር የተቀላቀለበት የጽዳት አልኮል ይመጣል። ጠረጴዛ ለመጥረግና ለአልኮል መብራት ይሆናል፤ ለዲኤንኤ ሥራ ግን አይሆንም። ንጽሕናውን፣ የጥራት ደረጃውን፣ የማሸጊያውን መጠን፣ ሲረከቡት ቢያንስ ምን ያህል የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው እንደሚገባ ጻፍ። ለመሣሪያ ሲሆን ደግሞ ተከላ፣ ሥልጠና፣ መለዋወጫ አምፖል፣ መመሪያ። የንግድ ስም ጠርተህ አትጻፍ፤ ግድ ከሆነም «ወይም ተመጣጣኝ» በል፣ አለዚያ ቅሬታ ይነሳና ጨረታው ይጓተታል። ዕቃው ሲመጣ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ካርቶኑ ቴክኒሻኑ ፊት ይከፈት። ከተቆረጠ በኋላ የሚገኝ ስብርባሪ ያንተ ነው።

የጊዜውን ነገር ፋብሪካ ውስጥ አልለመድከውም ይሆናል። በጀቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ የራሱ ካላንደር አለው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላብ የሚሟሟቀው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይናንስ ሒሳብ ለመዝጋት ይሯሯጣል፣ አዲስ ግዥ አይሰማህም። ያልተጠቀምክበት ደግሞ ሰኔ 30 ተመላሽ ነው። የሁለተኛውን ሴሚስተር ፍላጎት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ፣ በመስከረም አስገባ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት ካለህ ታኅሣሥ 19 አካባቢ እንዳይሆን፤ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን መንገዱን ታውቀዋለህ። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ ዝግ ስለሆነ ርክክብ ለዓርብ አትቅጠር፤ ሹፌሩ ፀሐይ ላይ ኬሚካል ጭኖ ይቆማል።

ፀሐይ ካልኩ አይቀር፣ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንክ ይህን ከሁሉም በላይ ልብ በል። ዳይኢቲል ኢተር የሚባል ሟሟ ፈሳሽ አለ፤ የሚፈላው 34.6 ዲግሪ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ የከተማችን ቀን ከዚያ እንደሚያልፍ አንተም ታውቃለህ። አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ በሰላም የሚቀመጥ ጠርሙስ እዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ውስጡ ግፊት ይዞ ይጠብቅሃል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ አንድ ብልጭታ ካገኘ አለቀ። «እንግዲያው ፍሪጅ ውስጥ ላድርገው» ብለህ የቤት ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገባው፤ የቤት ፍሪጅ ውስጡ ራሱ ብልጭታ የሚፈጥር ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ለዚህ የተሠራ ፍሪጅ ከሌለህ በሙቀት ወራት ኢተር አታስቀምጥ፤ መምህሩ በሌላ ሟሟ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ይችላል።

የኬሚካል ስቶር ከሌላው የሚለየውም በዚሁ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በኮድ ወይም በፊደል ተራ መደርደር ሥርዓት ነው። እዚህ በፊደል ተራ መደርደር አደጋ ነው። ናይትሪክ አሲድ ከአሴቲክ አሲድም ከአሴቶንም ጋር አይቀመጥም። አሲድ ለብቻ፣ ቤዝ ለብቻ፣ ተቀጣጣይ ለብቻ፣ እሳት የሚያባብሱት ኦክሲዳይዘሮች ለብቻ። ፈሳሹ ከዓይን ከፍታ በታች። ሁሉንም በአንድ ማዕከላዊ ስቶር ሰብስብና በየምድቡ ለያቸው።

ውሃችን ጠንካራ ነው፤ ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የውሃ ማጣሪያው ዲስቲለር ውስጥም ይጋገራል። ማሞቂያው በዚያ ከተሸፈነ ይቃጠላል። በየጥቂት ሳምንቱ በሲትሪክ አሲድ የሚያጥበው አንድ ሰው መድብ፣ በስሙ። መብራትን በተመለከተ ጄኔሬተሩ ሲነሳ የትኛው ሶኬት ኃይል እንደሚያገኝ በቀለም አስለይ፤ ኤንዛይም ያለበት ፍሪዘር እዚያ ላይ ይሰካ። የቢሮ ፍሪጅ እዚያ ላይ ተሰክቶ ፍሪዘሩ በሌላው ሶኬት ላይ እንዳይገኝ።


የጁገል ልጅ

ላብ ድሬ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ሐረር ነው የምሠራው፣ ላብ ውስጥ። በአንዱ ግን አልስማማም፤ ሁሉንም በማዕከላዊ ስቶር የሚለው። ማዕከላዊ ስቶር ማለት አንድ ቁልፍ፣ አንድ ስቶር ኪፐር ነው። ሰውየው ለቅሶ ሄደ፣ ታመመ፣ ባንክ ተሰለፈ፤ 30 ተማሪ ጋውን ለብሶ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ለአንድ የአሲድ ጠርሙስ ሞዴል 20 ሞልቶ ሦስት ፊርማ ማሰባሰብ ግማሽ ቀን ይበላል። ቴክኒሻኑ የሚያደርገውን ታውቂዋለሽ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያወጣ ብዙ ያወጣና መሳቢያ ውስጥ ይደብቃል። ያኔ ቁጥጥሩም ደኅንነቱም የለም።

ስለ ውሃም ልጨምር። እኛ ጋ ሙቀቱ ቀለል ይላል፣ የሚቸግረን የውሃው እጥረት ነው። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር በውሃ ጥም የከረመችበትን ጊዜ ያየ ሰው ውሃ ሲደፋ ማየት አይችልም። ዲስቲለር 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ለመስጠት 10 ሊትር ገደማ የማቀዝቀዣ ውሃ ያፈሳል፤ እሱም ንጹሕ ውሃ ነው፣ ሞቅ ያለ ብቻ። በቱቦ ወደ ሮቶ አስገብተነው ብርጭቆ እናጥብበታለን። የሳቢያን ልጅ፣ ይህን የቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ቀን ይሠራልሃል።


ላብ ድሬ

የጁገል ልጅ፣ ስለ ቁልፉ እውነትህን ነው፤ ያልከው መሳቢያ በየኮሌጁ አለ። ስለዚህ ላስተካክለው፦ ዋናው ክምችትና አደገኛው በማዕከል፣ የሁለት ሳምንት የሥራ መጠን በየላቡ ካቢኔት፣ በቴክኒሻኑ ፊርማ። ቁልፉም ሁለት ሰው ዘንድ በውክልና ደብዳቤ ይሁን። ሳምንታዊ መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ከታወቀ ወጪው ዓርብ ከሰዓት ተሠርቶ ሰኞ ላቡ ዝግጁ ይሆናል። የውሃውን ነገር ደግሞ እኔም ነገ አሠራዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።


የሳቢያን ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የጻፉልኝን አትሜ ይዤዋለሁ። ገብቻለሁ፤ አሁን ርክክብ ላይ ነኝ። ቴክኒሻኖቹን እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው። አንዱ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየኝና ከዚያ ደብተሩን አወጣ፤ ያልተሠሩትን ሙከራዎች ለራሱ እየመዘገበ ይዞ ኖሯል። ገጹ ሙሉ ነው። ፎቶ አንስቼ ለዲኑ አሳየሁ፤ ለመጀመሪያው የኮሌጅ ስብሰባ ቴክኒሻኑ ራሱ እንዲያቀርበው ተስማምተናል።

አሁን አንድ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። ከዋናው ስቶር ጀርባ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ስያሜያቸው የተላጠ ጠርሙሶች አሉ። አንዱ ውስጥ ቢጫ ደረቅ ነገር አለ፤ ክዳኑ ዙሪያ ቢጫ ዱቄት መሳይ ወጥቷል። የሚያስረክበኝ ሰው «ቆጥረህ ፈርም፣ በኋላ ይጣላል» እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?


ላብ ድሬ

አትንካው። አትክፈተው፣ ከቦታው አታንቀሳቅሰው፣ ሌላ ሰውም እንዲያነሳው አታድርግ። ቢጫ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ፒክሪክ አሲድ የሚባል ቢጫ ኬሚካል በየድሮ ስቶሩ ይገኛል። ርጥብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ከደረቀ ፈንጂ ነው፤ ክዳኑ ላይ የወጣው ዱቄት በማዞር ብቻ ሊፈነዳ ይችላል። አለመሆኑ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደሆነ ቆጥረህ ያዘው። ክፍሉን ቆልፍ፣ በሩ ላይ በትልቁ ጽፈህ ለጥፍ፣ ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊና ለዲኑ ዛሬውኑ በደብዳቤ አሳውቅ፤ ግልባጩን ለጥበቃ ኃላፊው። እንዲህ ያለውን የሚያነሱት ፈንጂ የሚያውቁ የፀጥታ ባለሙያዎች ናቸው፤ ዲኑ በኩል ይጠሩ።

ርክክቡን በተመለከተ ቆጥረህ አትፈርም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ይዘታቸው ያልታወቀ፣ ስያሜ የሌላቸው ጠርሙሶች፣ በባለሙያ እስኪለዩ በታሸገ ክፍል የሚቆዩ» ብለህ አጽፍና አስረካቢውም ይፈርም። ቁጥራቸውን ከበር ላይ ሆነህ በፎቶ ያዝ፤ ገብተህ እያነሳህ አይደለም። «ይጣላል» ያለህንም ጠይቀው፣ የት? ማስወገድ የኮሚቴ ሥራ ነው፤ ለየትኛው ኬሚካል ምን እንደሚደረግ ኬሚስት ይወስናል። ወደ መታጠቢያ ገንዳ አይደፋም፤ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወስዶ መቅበርማ ፈጽሞ። ከተማችን የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ደቻቱ ደግሞ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይነግርሃል፤ የቀበርከውን አውጥቶ ሰው ደጃፍ ያደርሰዋል።

ሌሎቹን ስያሜ የሌላቸውንም እንዲሁ ተዋቸው፤ ዋናው ስቶር ውስጥ ያለውን ስያሜ ያለውን ብቻ ለይተህ መረከቡን ቀጥል። ቃለ ጉባኤውን አልፈርምም ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እኛ የተጠቀምንበትን አጻጻፍ እልክልሃለሁ።